አያ እውነቱ በአሥር ሰዓት የጻፈው

«ልጅሽ የሚጽፈውን ነገር ያምንበታል?»

መርማሪዋ ይህን በጠየቀቻት ጊዜ እናቲቱ መወልወሏን አቆመች። የመወልወያውን እንጨት እንደ ምርኩዝ ጨብጣ ቆመች። የልጇን የጫማ ቁጥር ታውቃለች፤ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላም ታውቃለች። የሚጽፈውን ግን አንድ ቀን አንብባው አታውቅም። በአርባ ሰባት ዓመቷ ፊደል መቁጠር የጀመረች፣ የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ገና ስምንት ወር የሆናት ሴት ነበረች።

«እኔ... ቢሮውን ነው የማጸዳው» አለች በመጨረሻ።

«እሱንስ አውቃለሁ፣ እህቴ። ሟቹንም ያገኘሽው አንቺ ነሽ።»

አዎ፣ እሷ ነበረች። ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቆሻሻውን ከረጢት ይዛ በጓሮው የብረት ደረጃ ስትወርድ፣ ከቢሮው ጸሐፊዎች አንዱን፣ መምህሩን፣ ከታች ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው። መጀመሪያ የተኛ መስሏት «ጋሼ፣ ይነሱ እንጂ፣ ይበርድዎታል» ብላው ነበር። ይህቺ ንግግሯ እስካሁን እንደ እሾህ ትወጋታለች።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚሠራበት ሥራ ለሰው ሲነግሩት ያስቃል፤ ሲያስቡት ግን አያስቅም። እጅግ ሩቅ አገር፣ በአንድ ወንዝ የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች ይዋጋሉ። የዚህ ቢሮ ሠራተኞች ወንዙን በዓይናቸው ሳያዩት ስለዚያ ጦርነት ኢንተርኔት ላይ አስተያየት ይጽፋሉ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች የ«ወዲህ ማዶ» ናቸው፤ በግድግዳው በኩል ያሉት ሦስቱ ደግሞ የ«ወዲያ ማዶ»። ጸሐፊዎቹ ግን ስድስት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ለአንዱ ወገን ያለቅሳሉ። ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ይጎትቱና በሌላ ስም ያለቀሱለትን ይሰድባሉ። ደንቡን ያወጣው አለቃው ነው። «ቦታ ካልቀየራችሁ አፋችሁ አይቀየርም» ይላቸው ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ሟቹ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ። ሁለተኛዋ ከቅጥነቷ የተነሳ «ቀጮ» የሚሏት ወጣት ናት። ሦስተኛው የእናቲቱ ልጅ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ጡረታዋ የተቃረበ አጭር ሴት ናት። ደብተር አትይዝም፤ ሰው ሲያወራም አፉን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው።

«መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ታጥፎ አገኘነው» አለች። «ያለ መነጽር ያይ ነበር?»

«ኧረ የት! የራሳቸውን ጫማ አያዩም። የሚያወልቁት ሰው ቀረብ ብሎ ፊት ለፊት ሲያናግራቸው ብቻ ነው። ‹የሰው ፊት በመስታወት አይታይም› ይላሉ።»

«እንግዲያው ደረጃው አናት ላይ አንድ ሰው ፊት ለፊት እያናገረው ነበር» አለች ወንፊት በቀስታ። «አዳልጦት አይደለም።»



*

አለቃው ወንፊትን በኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍሉ ተቀበላት። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጠረጴዛውም ባዶ ነው።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። እስከ አሥራ አንድ ከደንበኞች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስድስት ሰው ይመሰክራል» አላት። «መምህሩ ደግሞ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ጽፏል። ይኸው፣ ይመልከቱ።»

ስልኩን ዘረጋላት። «አያ እውነቱ» በሚል ስም፣ «ሴትዮዋ ዛሬም ትዋሻለች» የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ አራት መቶ ሰው «ልክ ነህ» ብሎ መልሷል።

«አያ እውነቱ መምህሩ ነው?»

«የወዲያ ማዶ ስሙ ነው። የሁሉም ስምና ፓስወርድ እኔ ጋ አለ፤ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።»

«አምኖበት ነው የጻፈው?»

አለቃው ሳቀ። «ማን ያምናል፣ እትዬ? እነዚህ አራት መቶዎቹስ የሚያምኑ ይመስልዎታል? ሁሉም አውቶቡስ እየጠበቀ ነው በሰው አገር ሞት ላይ የሚፈርደው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ አራት መቶዎቹ አልነበረም» አለች ወንፊት ስልኩን እየመለሰችለት።

ቀጮ አንድ ጉንጯ አብጦ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ። ሐኪሙ እስኪመሽ ሲያንገላታኝ ዋለ። ከፈለጉ ጉድጓዱን ላሳይዎት።»

«ይቅርብኝ። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?»

ቀጮ ኮሪደሩን ወደምትወለውለው እናቲቱ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼና ልጇ ተጣልተዋል። ጋሼ ‹አንተም እኮ እናት አለህ› አሉት። እሱም ‹እኔን አይስበኩኝ ጋሼ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው የገባሁበት› አላቸው።»

«ምን ውስጥ ነው የገባው?»

«እሱን ራሱን ይጠይቁት። እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም።»

እናቲቱ ድምፁ ቢቀንስም ሰምታዋለች። እናት ስለ ልጇ ሲወራ ጆሮዋ ግድግዳ ይበሳል።

ልጇን ወንፊት በሚጽፍበት ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ካለው ጠረጴዛ ጋ አናገረችው።

«መምህሩ ስንት ሰዓት ወጣ?»

«ስምንት ገደማ። አልተመለሱም። ተናደው ቤታቸው የሄዱ መስሎኝ ነበር።»

«ከዘጠኝ በኋላ ፎቁ ላይ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሞተው ይላል። አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ጽፏል ከተባለ፣ ከአንተ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የሞተው ማለት ነው። ምን ትላለህ?»

የልጁ ጆሮዎች እንደ ፍም ቀሉ። ወንፊት መሬት መሬቱን እያየች ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ከዚያም ተመለሰች።

«ከከተማ እንዳትወጣ» አለችው።

*

በማግስቱ ጠዋት እናቲቱ የትምህርት ቦርሳዋን ከፍታ አንድ እቅፍ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

መምህሩ በእጁ ካልጻፈ ሐሳብ አይመጣለትም ነበር። መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጠዋል፤ ወረቀቱን ይጥለዋል። እሷም ከቅርጫቱ እያነሳች ማንበብ ትለማመድበት ነበር። አንድ ቀን ይህንን ሲያይ አልተቆጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ፊደሉን አጉልቶና አራርቆ መጻፍ ያዘ። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች አነበበች። አንዱን ወረቀት ለመጨረስ የድንች መቀቀያ ያህል ጊዜ ፈጀባት።

«አንቺ እናት ሆይ፣ ጠዋት ያጽናናሁሽም፣ ከሰዓት በኋላ ውሸታም ያልኩሽም እኔ ነኝ። ልጆችሽ አልሞቱም ስልሽ የሦስቱን ስም ከነዕድሜያቸው ጽፈሽ ላክሽልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ስም በእጄ አልነካም።»

ቀኑ ሲታይ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወረቀቶች ሁሉ ለወዲህ ማዶ የተጻፉ ናቸው፤ የጠዋቱም፣ የከሰዓቱም። የመጨረሻው የተጻፈው መምህሩ በሞተበት ቀን ነው፤ እሷም ወረቀቱን ከረጢቱን ይዛ ከመውረዷ በፊት ኪሷ ከትታው ነበር።

ልጇ ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ አየችው።

«አያ እውነቱ ማነው?»

«እማዬ፣ ተይኝ በናትሽ።»

«ማነው አልኩህ?»

ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ። ጋሼ ከዛሬ በኋላ አልሰድብም አሉ። አለቃ ቢያውቅ ያባርራቸዋል። እሳቸው ከመስኮቱ ጋ እንዳሉ እንዲውሉ፣ የእኔንም የወዲህ ማዶ ስም እንዲይዙ፣ እኔ ደግሞ የሳቸውን የወዲያ ማዶ ስም ልይዝ ተስማማን። ሦስት ሳምንት አያ እውነቱ እኔ ነበርኩ። ያንን የመጨረሻውን ግን እኔ አልጻፍኩትም! ብናገር ማን ያምነኛል? አንተ ነህ ገድለህ በስሙ የጻፍከው ነው የሚሉኝ።»

እናቲቱ ወረቀቶቹን አየች። ልጇን ሊያወጡትም፣ ሊቀብሩትም ይችላሉ። የምድጃው እሳት ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ብታቃጥላቸው የሚያውቅ የለም።

«ጆሮህ አልቀላም» አለችው። ከዚያም ወረቀቶቹን አቅፋ ወጣች።

*

ከቀትር በፊት ወንፊት ሁሉንም ጸሐፊዎቹ በሚሠሩበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«ከወለሉ እንጀምር» አለች። «የዚህ ልጅ እናት በየቀኑ ትወለውለዋለች። ሟቹ በተገኘ ቀን ግን ሳትወለውል ነው ወደ ጓሮ የወረደችው። ስለዚህ የዚያ ቀን የወንበር ጎማ ዱካ አልጠፋም። ከመስኮት ወደ ግድግዳ የተጎተተው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ የቀጮ። መምህሩ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ነበር፤ ይህ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ጋ።»

«ደንቡ እንደዚያ አይልም» አለ አለቃው።

«ደንቡ አይልም። እነሱ ግን ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ተለዋውጠዋል።» ወረቀቶቹን አነሳች። «መምህሩ የአያ እውነቱን ስም ትቶት ነበር። በዚያ ስም የሚጽፈው ይህ ልጅ ነው።»

«አያችሁ! እንግዲህ እሱ ነዋ!» አለቃው ከወንበሩ ብድግ አለ።

እናቲቱ ወደ ልጇ ተራመደች። ቀጮ ክንዷን ያዘቻት።

«ቁጭ በል» አለችው ወንፊት። «መምህሩ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጥቶ አልተመለሰም። አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ የተጻፈው ሞቶም በሕይወት ያለ እንዲመስል ነው። ማንን ይጠቅማል? ይህ ልጅ ከዘጠኝ በኋላ ብቻውን ነበር። ገዳዩ እሱ ቢሆን ሞቱን ወደራሱ ሰዓት ይጎትተዋል? ማንም በገዛ አንገቱ ላይ ገመድ አያስርም። የሚጠቅመው በአሥር ሰዓት እዚህ ላልነበረ ሰው ነው። ያልነበራችሁት ሁለት ናችሁ፤ አንተና ቀጮ።»

«እኔ ጥርሴን...» አለች ቀጮ።

«አንቺ እዚሁ ክፍል ትቀመጫለሽ፤ መለዋወጣቸውን ታውቂያለሽ። ‹መምህሩ በሕይወት ነበር› ልታሰኚ ብትፈልጊ፣ እውነት እሱ በሚጽፍበት በወዲህ ማዶ ስም ትጽፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ መምህሩ አያ እውነቱ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ቢሮ አንድ ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ፣ ደንብ አውጥቶ ሄዶ የማያይ። ፓስወርዱም እሱ ጋ አለ።»

አለቃው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

ወንፊት የመጨረሻውን ወረቀት ለእናቲቱ ሰጠቻት። «አንቺ አንብቢው።»

በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «እናት ሆይ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። ነገ ስሜን ጽፌ፣ የዚህን ክፍል ሥራ ለዓለም አወጣለሁ። ይቅር እንድትዪኝ አይደለም።»

«ደረጃው አናት ላይ ነገረህ» አለች ወንፊት ወደ አለቃው ዞራ። «ፊትህን ሊያይ መነጽሩን አወለቀ። አንተ ገፋኸው። ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ለዳኛ አሳይቼ የስልክህን ምርመራ አስፈቅጃለሁ። ጽሑፉ የወጣው ከአንተ ስልክ ነው።»

አለቃው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለ በመጨረሻ። «እሱ ባበላሁት እጅ ላይ ጮኸ። ለማን ብሎ? አይቷት ለማያውቃት ሴትዮ! አስመሳይ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ ጨምርልኝ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን... የምሩን ነው።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ።

ልጁ እንባው በጉንጩ ወረደና እናቱን ሊያቅፍ ተጠጋ። አቀፈችው። የልቡን ምት ሰማች፤ ሕያው ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እጁ ደም የለበትም። ያኔ ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን አንዴ ማንበብ የጀመረ ሰው ያነበበውን መርሳት አይችልም።

«አንተም ለዚያች እናት ልጆችሽ አልሞቱም ብለህ ጽፈሃል?»

ልጁ ከእቅፏ ሳይወጣ መለሰላት። «እማዬ፣ ሥራ ነው።»

«ታምንበታለህ?»

«ማመን አለማመን የለበትም። ሩቅ ነው እኮ፤ አታውቂያትም።»

እናቲቱ ጆሮውን አየችው። አልቀላም።

ወንፊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያች ሰዓት ጮክ ብሎ የተናገረው ግን አልነበረም።

መምህሩን የቀበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። አራት መቶዎቹ አያ እውነቱ ለምን ዝም እንዳለ ለሁለት ቀን ጠየቁ፤ በሦስተኛው ቀን ስለ ሌላ ነገር መጻፍ ጀመሩ። እናቲቱ ከቀጮ ጋር ተቀምጣ፣ በራሷ እጅ፣ ለሩቋ ሴት አምስት መስመር ጻፈች። መልስ አልመጣም።

ወሩ ሳይሞላ ቢሮው ሌላ አለቃ አገኘ። ቀጮ ሄደች። እናቲቱም መወልወያዋን አስረክባ ሄደች። ልጇ ቀረ።