ፍርግርጉ ላይ የተገኘው ማሊያ

«አባ፣ ውጣ! ውሃው ገና አልጎደለም እኮ!»

ሐጂራ የቦዩ ጠርዝ ላይ ቆማ ጮኸች። አባቷ አብዱልመሊክ አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። እስከ ወገቡ ጭቃ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ እጁ የብረቱን ፍርግርግ ይዞ፣ በሌላው ጎርፉ ያመጣውን እንጨትና ገለባ ያገላብጣል።

የሸዋ ሮቢት ጎርፍ ሰው አያስጠነቅቅም። እዚህ ቆላው ላይ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ ላይ ደጋው ጣርማ በር ከዘነበ ደረቁ ወንዝ ድንገት ይሞላል። ድሮ ያገኘውን ጠራርጎ ይሄድ ነበር። ዘንድሮ ግን መጥለፊያ ተሠርቶለት በቦይ ወደ ትልቅ ኩሬ ይገባል፤ እዚያ ረግቶና ተጣርቶ፣ በበጋ ቧንቧቸው ለሚደርቅባቸው የከተማዋ ሰፈሮች ይደርሳል። የመጥለፊያው ጠባቂ አብዱልመሊክ ነው። ሥራው የቦዩ አፍ እንዳይደፈን ፍርግርጉ ላይ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ ከዳር ሆኖ በመንሽ መሳብ ነው። ከዳር ሆኖ!

ሐጂራ ይህን ሥራ ስትጠላው ለጉድ ነበር። አምና ታላቅ ወንድሟን ሰዲቅን የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው። ደረቁ አሸዋ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ እየተጫወተ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ሌሎቹ ሮጠው አመለጡ። የሰዲቅ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። አባቷ ጠባቂ ልሁን ብሎ ሲያመለክት፣ ልጁን የበላውን ውሃ ሊያገለግል ነው ብላ አኮረፈችው። በኋላ ግን ቆሻሻውን አንድ በአንድ እያራገፈ ሲያይ አገኘችው። ያን ጊዜ ገባት፤ ልጁን ነው የሚፈልገው።

ትናንት አለቃው ጋሽ ደሳለኝ መንገድ ላይ አስቁሟት ነበር።

«ሐጂራዬ፣ አባትሽን ለምኚልኝ። ነገሩ አንጀቴን ይበላዋል። ግን ጎርፉ ሳይጎድል የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን ያዳልጠዋል። እኔ ስለው አይሰማም።»

«እሺ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ» አለች። ነገረችው። ይኸው ገባ።

«ሐጂራ! ነይ፣ ነይ ቶሎ!»

አብዱልመሊክ እየተንገዳገደ ወጣ። እጁ ላይ ጭቃ የጠገበ ቀይ ማሊያ አለ። ሰዲቅ ያን ቀን የለበሰው ቀይ ነበር።

«ያ ረቢ፣ አንድ ጨርቅ እንኳ ስጠኝ ስለው ነበር» አለ አባቷ። «እኔ ዓይኔም እምቢ አለኝ። አንቺ ነበርሽ የምታጥቢለት። እይውማ፣ የሱ ነው አይደል?»

ሐጂራ ማሊያውን ተቀብላ ብብቱን ገለበጠች። የሰዲቅ ማሊያ እዚያ ጋ ተቀዶ እሷ ነበረች የሰፋችለት። ቀይ ክር ብታጣ በጥቁር ሰፋችው፤ «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» ብሎ ሲስቅባት ዋለ። የዚህኛው ብብት ግን ጭራሽ አልተቀደደም። አንገቱን ስታየው በውስጥ በኩል ሰማያዊ ክር አለ። አንዲት እናት የልጇ ማሊያ ከወንድሞቹ ልብስ እንዳይቀላቀል ምልክት ያደረገችበት ይመስላል።

አባቷ አፍ አፏን ያያል። «አዎ፣ የሱ ነው» ብትለው በቃ፣ ያበቃል። ማሊያውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይቀብረዋል። ሁለተኛ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሌሊት ይተኛል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

ሰማያዊውን ክር በጣቷ ዳሰሰችው። ምናልባት ነፋስ ከገመድ ላይ የወሰደው ልብስ ይሆናል፤ እንዲያ እንዲሆን ለመነች። ካልሆነስ? ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ይህንኑ ማሊያ የሚፈልግ ሌላ አባት ካለስ?

«አይደለም፣ አባ።»

«ደህና አድርገሽ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ማሊያ ነው።»

አብዱልመሊክ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እስከ ዛሬ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች።

«ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አብሬህ እፈልጋለሁ» አለችው በመጨረሻ። «ውሃው ሳይጎድል ግን አትገባም። አንተንም እዚህ ፍርግርግ ላይ መፈለግ አልችልም፣ አባ።»

አብዱልመሊክ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እሺ፣ ልጄ» አለ።

ሐጂራ ማሊያውን ጭቃው እስኪለቅ ድረስ አጠበችው። ወደ ደጋው የሚወጣውን መንገድ በሚያየው አጥር ላይ ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይወስደው እጅጌዎቹን ሽቦው ላይ አሰረቻቸው። አባቷ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ዝቅ ብሏል» አለ። «መኪና ላይ ላለ ሰው አይታይም።»

ያሰረችውን ፈታና ረጅሙ ምሰሶ ላይ ከፍ አድርጎ አሰረው፤ ሰማያዊው ክር እንዲታይም አንገቱን ወደ ውጭ ገለበጠው።