ከማዶ የመጣው ምስል

ልጆቼ፣ ይህን የማወራችሁ ከሰው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ልጅቱን አውቃታለሁ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል...

ጠራራ ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁን ከሚያይ የቢሮ ፎቅ ሦስተኛው ላይ።

ሱምያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም። የምትሠራበት የዓሣ ድርጅት ስልኩንም፣ ቪዲዮውንም፣ የሥራ ሰነዱንም በአንድ መስመር አገናኚ ብሏት ገመድ ስትጎትት ነው የከረመችው። ዋናው ቢሮ፣ ዘንዘልማ ያለው መጋዘን፣ ከሐይቁ ማዶ ያለው የጀልባ ማረፊያ... ሦስቱም በአንድ ስክሪን ተያይተው፣ ተደማምጠው፣ አንድ ሰነድ ላይ አብረው እንዲጽፉ።

የጀልባ ማረፊያውን ቤት የሚጠብቁት አባቷ ናቸው፤ ጋሽ አብዱልመጂድ። ልባቸው ደክሟል። ዛሬ ሙከራው ከተሳካ ማዶ ሰው ማስቀመጥ ይቀራል፤ እሳቸውም ቤታቸው ገብተው ያርፋሉ።

የልጅቱ ድካም ሁሉ ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። የሐይቁ የድሮ ጀልበኞች ስማቸው ሲጠራ በአንደኛው አቤት አይሉም። በሁለተኛውም አይሉም። አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም የሚል፣ ሰው አይደለም፤ አቤት ካሉት ይመጣል ይላሉ። ጋሽ አብዱልመጂድ ስልክ እንኳ ሦስቴ ካልተደወለ አያነሡም።

ሥራ አስኪያጁ አንዳርጋቸው ሆዬ፣ ይህን ሲሰማ ሳቀባት።

"አባትሽ ሙሽራ ናቸው እንዴ፣ ሦስቴ ካልተለመኑ የማይነሡት? ስብሰባ እኮ ነው፣ ሱምያ!"

ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ጧት የማዶውን መሣሪያ፣ ገና ሲደወል በራሱ እንዲያነሣ አደረገችው።

አይ ልጄ...

ስብሰባው ተጀመረ።

"ዘንዘልማ?" አለ አንዳርጋቸው።

"አለን!"

"ማዶ?"

ቃሉን ሳይጨርስ ምስሉ ብቅ አለ። ጋሽ አብዱልመጂድ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አለሁ" አሉ።

አንዳርጋቸው አጨበጨበ። "ጎበዝ! ሠራ በቃ!" ብሎ ለአለቆቹ ሊነግር ስልኩን ይዞ ወጣ።

ሱምያ ግን ከንፈራቸውን አየች።

አልተንቀሳቀሰም።

መስመሩ ነው፤ ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ዘግይቶ ነው፣ አለች በልቧ። ጠበቀች...

ጠበቀች...

ከንፈሩ እንደ ተገጠመ ነው። ከኋላቸው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውኃው ደጃፉ ድረስ መጥቷል። ያ ቤት ያለው ደግሞ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ነው።

ከዚያ የጋራው ሰነድ ላይ ፊደል መውጣት ጀመረ። ከማዶ የሚጻፍ ነው። አንድ... በአንድ...

"መጣሁ።"

አባቷ በእስክሪብቶ እንጂ በመሣሪያ መጻፍ አያውቁም።

ያን ጊዜ የእጅ ስልኳ ጮኸ። አየችው። አባቷ ናቸው።

"ልጄ..." ያንሾካሹካሉ። ከበስተኋላ የጀልባ ሞተር ይሰማል። "ቅድም ለምን ጠራሽኝ?"

"እኔ? አልጠራሁዎትም፣ አባባ። የት ነዎት?"

"ሐይቁ ላይ። ቤቱን ቆልፌ ወጣሁ።"

"ለምን?"

"በዚያ ዕቃሽ 'አባባ' አልሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ዝም አልሁ። ዕቃው ግን በራሱ በራና... በእኔ ድምፅ 'አቤት' አለ።"

ሱምያ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች።

ወንበሩ ባዶ ነበር።

"አባባ፣ ዝም ብለው ይምጡ። ማንም ቢጠራዎት እንዳይ..."

"አሁን አንቺ ታስተምሪኝ? እዚህ ውኃ ላይ ነው ያረጀሁት።"

አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዋ ደረሰች። ሱምያ ሮጣ እጃቸውን ያዘች። ሙቅ ነው። እሳቸው ናቸው። አልቅሳ በባጃጅ ቤት ወሰደቻቸውና አልጋቸው ላይ አስተኛቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ከሁለቱ በቀር የሚኖር የለም።

"አሁን ሂጂና ያን ዕቃ ዝጊው" አሏት።

"ነገ ይደርሳል። ጥዬዎት አልሄድም።"

"እሱ ሳይዘጋ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ልጄ። በሩን ከውጭ ቆልፊው።"

ቆልፋ ሄደች። እግሯን እየጎተተች...

ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሱምያ የማዶውን መስመር ነቀለች። የማዶው ምስል ጠፋ። የዘንዘልማውንም ነቀለች። ጠፋ። የቢሮውንም አጠፋች።

ተገላገልሁ ብላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ምስል ቀርቷል።

አራተኛ ቦታ አላገናኘችም።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው... ከጣራ ላይ። አልጋ ይታያል። አልጋው ላይ አባቷ ተኝተዋል። የራሳቸው ቤት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ካሜራ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም።

አልጋው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሱምያ አሁን የለበሰችውን ልብስ ለብሳለች። የአባቷን እጅ ይዛለች።

ሱምያ ወደ አባቷ ስልክ ደወለች።

ሴትየዋ እጇን ወደ ትራሱ ሰደደችና ስልኩን አነሣችው።

"እሽሽ..." አለ የሱምያ የራሷ ድምፅ፣ ዝል ብሎ። "አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው። አትቀስቅሻቸው።"

ከዚያ ብርድ ልብሱን ቀስ አድርጋ ሳበችላቸው...

እስከ ደረታቸው።

እስከ አገጫቸው።

ፊታቸውን እስኪሸፍን ድረስ።