ስንሻው ተኝቶ ሲያወራ

«ያን ጣፋጭ ሐላዋ የት ደበቅኸው?» ብላ ሐመልማል በታላቅ ወንድሟ ጆሮ ሹክ አለች።

«ከሰሊጡ ጆንያ ሥር» አለ ስንሻው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ሳቋን በእጇ አፈነች። ጉድ እኮ ነው! የቆላዋ የባሱንዳ ቀትር ሰዉን ሁሉ ሲዘርር፣ ይሄ በጠፍር አልጋው፣ በአንገረቡ ላይ የተጋደመ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ የጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲነቃ ግን አንዲት ቃል አያስታውስም። ነቅቶማ ማን ችሎት! «ዋላሂ አላየሁም» ብሎ ድርቅ ነው። መምህር ፍሰሃ ክፍል ውስጥ፣ አእምሮ እንደ አምፖል በአንዴ ድርግም አይልም፣ ከፊሉ ሲተኛ ከፊሉ ነቅቶ ይቆያል ብለው አስረድተው ነበር። ሐመልማል ያንን ትምህርት የወደደችው ለሐላዋው ስትል ነው።

ልትነሳ ስትል ስንሻው ሳይጠየቅ አጉተመተመ። «ጆኒ... ሐሙስ መኪናው ይመጣል። እማዬ እንዳትሰማ።»

ክው አለች። ጆኒ የስንሻው ጓደኛ ነው፤ ከክረምት ጀምሮ ወሬው ሊቢያ፣ ሊቢያ ብቻ ሆኗል። በዚያው መንገድ የሄደው የጎረቤታቸው ልጅ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። ገበያ ላይ በርበሬ እየሸጠች ያሳደገቻቸው እናታቸው ማሬ ደግሞ ከሁለቱ በቀር ማንም የላት።

እንግዲህ መጠየቅ ነው። መኪናው ከየት ይነሳል? ደላላው ማነው? አንድ በአንድ ይዘረግፍላታል፣ እሷም ሮጣ ለእናቷ ትነግራለች። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ስንሻው...»

«እፈራለሁ» አለ፣ ድምፁ የሕፃን ሆኖ።

አንጀቷን በላው። ነቅቶ ሲሆን ጊንጥ በሸበጡ የሚጨፈልቅ፣ የሰፈሩን ጎረምሶች በዓይኑ ብቻ ከእሷ የሚያባርር ወንድሟ ነው እንዲህ የሚለው። ይህን ቃል ፈልጎ አልሰጣትም። ሐላዋ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ደግሞስ የሐሙሱ ቢቀር ሌላ መኪና መች ይጠፋል? የሚሄደውም የሚቀረውም የነቃው ስንሻው ነው። ማናገር ያለባት እሱን ነው።

ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው።

«ኸላስ፣ በቃ ተይኝ» ብሎ ተገላበጠ። አልተወችውም። በመጨረሻ ዓይኑን እያሻሸ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ተኝተህ ስለ ሐሙስ አወራህ» አለችው። ስለ ፍርሃቱ ምንም አላነሳችም፤ ያንን ለራሷ አስቀረችው። «ሌላ ሳልጠይቅህ ቀሰቀስኩህ። ለእማዬ መንገሬ አይቀርም፤ መጀመሪያ ግን ነቅተህ፣ ካንተው ልስማው።»

ስንሻው ሊክድ «ዋላሂ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ አንገረቡ ላይ ቦታ ለቀቀላት።

«ተቀመጪ» አለ።