ከዲስኩ ሥር የተገኘው

የማተሚያ ቤቱ ሰርቨር ሰኞ ጠዋት ሞተ። ሟቹ ሰው ባይሆንም የመጻሕፍቱን ገጾች ሁሉ የያዘ ሊኑክስ ኮምፒውተር ነበርና እሱ ሲቆም ማተሚያዎቹም ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛ ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የኮምፒውተር ባለሙያዋን በሠራተኛው ፊት ሲሰድብ ቆየና «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ፈርማ እንድትሰናበት ወረቀት አቀረበላት።

«ያላጠፋሁትን አልፈርምም» አለች።

መርማሪዋ የተጠራችው ያን ጊዜ ነው። ከማሽን ጋር ያረጀች፣ ለአለቃ የማትሽቆጠቆጥ ሴት ናት። መጀመሪያ ገጽ አቀናባሪውን ያዘችው።

«ማሽኑ የቆመው ቦታ ሞልቶበት ነው። አንተን ጎተራ የሚሉህ ለምንድን ነው?»

«ሥዕል ስለማከማች ነው፣ እትዬ። አንድም አልጥልም። ግን የእኔ ሥዕል ያለው ሌላ ዲስክ ላይ ነው። የሞላው ሲስተሙ ያለበት ክፍል ነው፣ ሩት የሚሉት። እዚያ እንኳን ሥዕል አንዲት ፊደል መጻፍ አልችልም።»

አጣራች፤ እውነቱን ነው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ወጥታ ነበር!» አለ። «ቤቱን ጥላ ሄዳ ነው ጉድ ያፈላችብን!»

«ሰርቨሩ ያለበት የዚህ ክፍል የበር ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። የእሷንም ስትወጣ አስረክባኛለች።»

መርማሪዋ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ሩት መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል። በውስጡ የሚታዩትን ፎልደሮች አንድ በአንድ ስትደምር ግን አርባ በመቶ ብቻ ሆኑ። ስልሳው የለም። ቀጥላ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጥበትን ውጫዊ ዲስክ ከፈተች። የረቡዕ ቅጂ አለ፣ የቅዳሜና የእሑድም አለ፤ የሐሙስና የዓርብ ግን የለም። ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ማሽኑ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ራሱ ይገለብጣል» አለች። «የሚገለብጠው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዲስኩ የሚገጠመውም እዚያው ላይ ነው። ዲስኩ ከተነቀለ ፎልደሩ ባዶውን ይቀራል። ማሽኑ አይጠይቅም፣ እዚያው ሩት ላይ ይገለብጣል። ዲስኩ ሲመለስ ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው፤ ከሥር ያለው አይታይም። የቀረችዋ ትንሽ ቦታ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አለቀች።»

ዲስኩን አላቀቀችው። ባዶ መሆን በነበረበት ፎልደር ውስጥ የሐሙስና የዓርብ ቅጂዎች ተጋድመዋል።

«ማን ነቀለው ታዲያ?» አለ ጎተራ።

«ሐሙስና ዓርብ ሁለቱም ቁልፎች አንድ ሰው ጋ ነበሩ። ዲስኩ ላይም ዓርብ የተጫነ የሠርግ ቪዲዮ አለ። ሙሽራዋን አላውቃትም። አጠገቧ የቆሙትን አባት ግን ይኸው እያየኋቸው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ጠረገ። «የልጄ ሠርግ ነው… ለዘመድ በትልቁ ቴሌቪዥን ላሳይ ብዬ… ቅዳሜ ጠዋት መልሼዋለሁ እኮ!» ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «በይ አሁን ቅጂዎቹን ከዚያ አጥፊና ሥራ ይጀመር።»

ባለሙያዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ተናዳለች፣ ንዴቷንም አልደበቀችም።

«ቅጂዎቹን ወደ ዲስኩ አሻግሬ ቦታውን ማስለቀቅ ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን ታች ወርደው ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው። ሲሰድቡኝ ሁሉም ሰምተዋል።»

«እኔ? ሥራ አስኪያጁ?»

«አዎ፣ እርስዎ። አለዚያ ሰርቨሩን ራስዎ ያስነሱት።»

እንድታስታርቀው መርማሪዋን አያት። እሷ መነጽሯን እየጠረገች ነበር።

ደረጃውን ወረደ። ባለሙያዋ በሩን ከፍታ አዳመጠች። ማተሚያዎቹ ስለቆሙ አዳራሹ ጸጥ ብሏል።

«ዲስኩን… የነቀልኩት እኔ ነኝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከታች መጣ።

«አልተሰማም፣ ጋሼ!» አለች።