መስመር ያልተሰመረበት ቃል

ቨርነን ኦትማን ከውጤት መዝጋቢዎች ክፍል በሚወርደው የብረት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዓይኖቹ ባዶውን የቤዝቦል ሜዳ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። መርማሪ ኢንግሪድ ሶርሊ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። በዚህች የአዮዋ ከተማ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሐዘን የሚባለው ነገር መቼ ጥሏት እንደሄደ ግን አታስታውስም።

ላይ፣ በክፍሉ ውስጥ፣ የሟቹ ኮምፒውተር እንደተከፈተ ነበር። አስከሬኑን ያገኙት ሁለቱ ባልደረቦቹ አጠገቡ ቆመዋል።

«እዚህ የሚጻፈው ምንድን ነው?» አለች ኢንግሪድ።

ውጤት መዝጋቢዋ ሜርና ፔልክ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ፣ ዳሪልና ቨርነን ለኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ በነጻ እንጽፋለን። ዳሪል ስለ ‹ደጋፊዎች ፋኖስ› ጻፈ፤ ደጋፊው በየዓመቱ በድምፁ መርጦ ለሚወደው ተጫዋች የሚሰጠው ሽልማት ነው። ቨርነን ደግሞ ‹ይሰረዝ› አለ።»

«ለምን?»

«ከክለባችን በቀር ማንም አልጻፈበትም። ‹የሕዝብ ፍቅር ምንጭ አይሆንም፤ የውጭ ሰው ቁም ነገር ብሎ ይጻፍበት› ነበር የሚለው።»

«ግትር!» አለ ዳሪል ሁሩስካ ከመስኮቱ ዘወር ብሎ። «እናቱን እንኳ ‹እናቴ ለመሆንሽ ምንጭ አምጪ› የሚል ሰው ነበር።» በቀልዱ ማንም አልሳቀም፤ እሱም ጭምር።

ኢንግሪድ ጸሐፊዎቹ ‹ይቆይ› ወይም ‹ይሰረዝ› እያሉ የሚከራከሩበትን ገጽ አነበበች። ሜርና አንድ ጊዜ ሐሳቧን ቀይራ ኖሯል፤ የቀድሞው «ይሰረዝ» በላዩ መስመር ተሰምሮበት አሁንም ይነበባል፤ «ይቆይ» ከጎኑ ተጽፏል። በቨርነን ስም ሥር ግን ያለው «ይቆይ» ብቻ ነው።

«ቀይሮታል እንዴ?» አለ ዳሪል ክው ብሎ።

ኢንግሪድ ገጹ ሌላ ማንም እንዳያየው እንዲታገድ አስደረገች። «ያያችሁትን ለማንም አትንገሩ» ብላም ክፍሉን ቆለፈችው።

ሜዳው ላይ ክሊቭ ቴሽ የኖራ ጋሪውን ይዞ ቆሟል። ድሮ የክለቡ ተጫዋች፣ ኳስ ያዥ ነበር፤ ፋኖሱንም ተሸልሟል። አሁን የሜዳው ጠባቂ ነው።

«ዛሬ ወደ መዝጋቢዎቹ ክፍል ወጥተው ነበር?» አለችው ኢንግሪድ።

«እኔ? ጠዋቱን ሙሉ መስመር ሳሰምር ነው የዋልኩት።» የተጣመሙ ጣቶቹን አሳያት። «በነዚህ ኮምፒውተር የሚነካ ይመስልዎታል?»

«ጽሑፉ ቢሰረዝ ይከፋዎታል?»

«ስሜ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቼ ሲፈልጉኝ የሚያገኙኝ እዚያ ነው።» ጋሪውን ቀና አደረገና ቀጠለ። «ግን ቨርነንም መጨረሻ ላይ ‹ይቆይ› ብሏል። ታዲያ ምን ያጣላናል?»

ኢንግሪድ የኖራውን መስመር እስከሚያበቃበት በዓይኗ ተከተለችው። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በተጫዋቾች አግዳሚ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሜርና፣ ሐሳቡን የቀየረ ሰው የቀድሞውን ቃሉን ምን ያደርገዋል?»

«መስመር ይሰምርበታል። መልስ የሰጡት ሰዎች ለምን እንደመለሱ እንዲታይ። መደምሰስ ነውር ነው፤ ደግሞም ከንቱ ነው፤ ገጹ የተደመሰሰውን ሁሉ መዝግቦ ያኖራል።»

«ቨርነን ያንን ነውር ይሠራል?»

«ቢሞት አይሠራም» አለችና ያለችው ነገር ገብቷት አንገቷን ደፋች።

«አንቺም ዳሪልም በስሙ ብትጽፉ ኖሮ መስመር ታሰምሩ ነበር። እጃችሁ ለምዶታል። የደመሰሰው ወጉን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ሜዳው አመለከተች። «የኖራው መስመር መሃል ላይ ተቋርጧል። አቶ ቴሽ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲያሰምሩ አልነበረም። ቨርነን ‹ይቆይ› እንዳለም ነግረውኛል። ያንን ያየነው እኔ፣ ሜርናና ዳሪል ብቻ ነን፤ አራተኛው የጻፈው ሰው ነው።»

ክሊቭ የተጣመሙ ጣቶቹን አየ። «ለመንኩት። ‹ያንተ ፋኖስ ተራ ነገር ነው፣ ክሊቭ› አለኝ፤ በክፋት አይደለም። ገፋሁት። ደረጃው ላይ ነበር፤ ከዚያ አልነበረም። ተመልሼ ገባሁና ‹ይሰረዝ› የሚለውን በአንድ ጣት አጥፍቼ ‹ይቆይ› ጻፍኩ።» ወደ ሜርና ዞረ። «አሁን ይሰረዛል?»

ከአጥሩ ውጭ የጋዜጠኞች መኪናዎች መደርደር ጀምረው ነበር። ሜርና ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አይሰረዝም» አለችው። «ነገ የየከተማው ጋዜጣ ሰው ስለተገደለበት ፋኖስ ይጽፋል። ቨርነን የጠየቀው ምንጭ መጣ። ስምህም ይኖራል፣ ክሊቭ፤ ከነምክንያቱ።»