ፍሬን ሲያዝ የሚደምቅ መብራት

«አንቺ! መብራት የለሽም እንዴ?» ብሎ ጮኸ የሚኒባሱ ረዳት፣ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ።

ሃዊ ሳቀች። በዚህ ከተማ መብራት ያለው ሳይክል ቢፈለግ አሁን እሷ የተቀመጠችበት ነው። እሷና ጃለታ ክረምቱን ሙሉ የለፉበት፣ ነገ በትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ቀን የሚቀርበው «የነገው የብስክሌት መብራት» ከኮርቻዋ ሥር ታስሯል። ሲጨልም ራሱ ይበራል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ቀዩ የኤልኢዲ አምፖል ደምቆ ከኋላ ለሚመጣው መኪና «እየቆምኩ ነው፣ ተጠንቀቅ» ይላል። ይህን ሁሉ ለረዳቱ ማስረዳት ስለማይቻል ቁልቁለቱን መውረዷን ቀጠለች። ሳይክሉ የጃለታ ነው። ዛሬ የመዘምራን ልምምድ ስላለበት «አንቺ ይዘሽው ውረጂ» ብሏት፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ካለው የእነ ጃለታ ቤት ይዛው መምጣቷ ነው።

ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ቀጥሎ የመጣው መኪና ጥሩምባውን ለቀቀባትና ለጥቂት ሳታት። ዳር ይዛ ቆመች፤ ወርዳም ኋላዋን አየች። መብራቱ ድርግም ብሏል። የታሸገበትን የክኒን ዕቃ ስትነካው ጣቷን አቃጠላት።

«ውይ! ምን ጉድ ነው?»

ጃለታ ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ መንገድ እስከ ሽሮ ሜዳ ሞክሮት «አንዴም ሳይጠፋ ወረደ» ብሏት ነበር። ቀሪውን መንገድ ሳይክሉን እየገፋች፣ እየተናደደች ወረደች።

ቤት ስትደርስ መብራቱ ቀዝቅዞ መልሶ በራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ፍሬኑን ጨበጠች፤ ደመቀ። ለቀቀች፤ ደብዘዝ አለ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይም ሲሞክሩት የከረሙት እንዲሁ ነው፣ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ። አሁን ግን ጨብጣ ቆየች። እናቷ ጳውሎስ ካለው ፋርማሲ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ «ምን ሆነሽ ነው ሳይክል አንቀሽ የቆምሽው?» እስክትላት ድረስ ቆየች። ያኔ ጠፋ።

ነገሩ ገባት። ሰው ሁሉ ኤልኢዲ አይሞቅም ይላል። እነሱም አምነው፣ ዝናብ እንዳይገባው ብለው እናቷ ካመጣችላቸው የክኒን ዕቃ ውስጥ ከተው በሙጫ ደፍነውታል። ብርሃኑ አያቃጥልም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ግን ይግላል፣ ሙቀቱም መውጫ የለውም። ሜዳ ላይ ፍሬን የሚያዘው ለአፍታ ነው። ከእንጦጦ የሚወርድ ሰው ግን ከላይ እስከ ታች ፍሬን እንደጨበጠ ነው። የእነሱ መብራት የሚጠፋው እዚያ፣ በጣም በሚፈለግበት ቦታ ነው።

ታዲያ ለጃለታ እንዴት በራለት?

ጠዋት ከሰልፍ በፊት ከላቦራቶሪው ጀርባ ያዘችው።

«ቅዳሜ ሞክሬዋለሁ አላልከኝም?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«ቁልቁለቱን?»

«እ... ማለቴ... በርቶ ነው የወረደው።»

«ጃለታ!»

ግራና ቀኙን አየ። «ገፍቼው ነው የወረድኩት፣ በቃ። ሁሌም ገፍቼ ነው የምወርደው። አምና ከወደቅኩ ወዲህ ያን ቁልቁለት መንዳት እፈራለሁ፤ ከክበቡ ጋር ላለመውረድም ምክንያት አላጣም።»

ሃዊ ሳቋ መጣ፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። ይኼ የሳይክል ክበቡ ምክትል አምበል ነው። በየጠዋቱ እያፏጨ፣ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ በትምህርት ቤቱ በር የሚገባ ልጅ ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ። የክበቡ ልጆች፣ እነ ሌንጮ፣ ከሰሙ ሙድ ይይዙብኛል፣ አለቀልኝ።»

«አልናገርም። ስለ መብራቱስ ምን እንበል?»

«ምንም! ዳኞቹ እንጦጦ አይወጡ! ጨበጥ ለቀቅ አድርገን እናሳያቸዋለን። ካለፍን በኋላ እናስተካክለዋለን። ሃዊዬ፣ በናትሽ፣ ከተማ ደረጃ እኮ ነው የምንቀርበው።»

ሃዊም ከተማ ደረጃ መቅረብ ትፈልጋለች፤ እንዲያውም ከእሱ ይበልጥ። «ሰልፉ ተጀምሯል» ብላው የሄደችው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሏል። የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህርት ውባለም ተጋባዡን ዳኛ አቶ ነገራን ይዘው ጠረጴዛቸው ጋ ደረሱ። አቶ ነገራ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ መሐንዲስ ናቸው።

«ወደፊት የሳይክል መብራት ሥራው ማብራት ብቻ አይሆንም» አለ ጃለታ። «መኪና ሲቀርብ ራሱ ይደምቃል፤ የምንታጠፍበትን አቅጣጫ አስፋልቱ ላይ በብርሃን ይስላል። የእኛ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ያውቃል።» ልጁ ወሬ ይችልበታል። ሃዊ ፍሬኑን ጨበጥ አደረገች። ቀዩ ብርሃን ቦግ ሲል ተጨበጨበ።

የሳይክል ክበቡ አምበል ሌንጮ ከኋላ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እነ ሃዊ ካሸነፉ ለክበባችን በሙሉ ይሠራል ብለው አልነበር? ቅዳሜ ከእንጦጦ ስንወርድ ይድረስልን!»

«ይደርሳል፣ ምን አስቸኮላችሁ!» አሉ መምህርቷ እየሳቁ።

ሃዊ ዞራ ሌንጮን አየችው። እነ ሌንጮ የሚወርዱት ተከታትለው፣ እየተቀላለዱ ነው። መብራቱ ይጠብቀናል ብለው ከኋላቸው የሚመጣውን መኪና አይጠነቀቁትም። እሷም አልተጠነቀቀችም ነበር።

«ቁልቁለት ላይስ ሞክራችሁታል?» አሉ አቶ ነገራ።

«አዎ» አለ ጃለታ። ድምፁ ቀጠነ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ዞር ሲሉ ሃዊ ፍሬኑን እንደገና ጨበጠች።

«ትንሽ ይጠብቁ» አለቻቸው።

«አየነው እኮ ልጄ። በጣም ጥሩ ነው።»

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይለቀቅም። ሳልለቅቀው ይዩት።»

አቶ ነገራ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። መምህርት ውባለም ሰዓታቸውን አዩ። «ምንድነው የምንጠብቀው?» አለ ሌንጮ።

ጃለታ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልቀቂው» አላት በሹክሹክታ።

አልለቀቀችም። ማን ገፍቶ እንደወረደ አልተናገረችም፣ አትናገርምም። መብራቱ ግን የራሱን ይናገር። ፍሬኑ ጠንካራ ነው፤ ጃለታ እንዲያ አጥብቆ ያሰረው ከፍርሃት እንደሆነ አሁን ገባት። ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ። የክኒን ዕቃው መሞቅ ጀምሯል፤ የሙጫው ሽታ መጣ።

ጃለታ ተጠጋት። ሊያስለቅቃት መስሏት ይበልጥ ጨበጠች።

«እጅሽ ደክሟል» አለ፣ አሁን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «አምጪው፣ እኔ ልያዘው።»

ፍሬኑ ሳይላላ ከእጇ ተቀበላት።

«ብዙ አይቆይም፣ ይጠፋል» አላቸው ለዳኛው፣ ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል።