ሳል ያስያዘችው አጋም

ሰዓት ሠሪው የጠገነውን የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ የባህል ሐኪሙ ደጃፍ ሲደርስ፣ የሐኪሙ ልጅ አጋሟ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ከእሾሁ ጋር እየታገለች ለዘር የሚሆን ፍሬ ትለቅማለች። ሰላምታው ጉሮሮው ላይ ቀረ። እንደ ግንድ ከመቆም ብሎ «እህ... እህ» አለ።

«ያስልሃል እንዴ?» አለችው ቀና ብላ።

አይ ቢል ሰዓቱን አስረክቦ መሄዱ ነው።

«ደረቅ ሳል ነው» አላት።

የአጋም ቅጠል አፍልታ አጠጣችው። ፊቱ ተጨማደደ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱ ከቀን ወደ ቀን እየመረረ ሄደ። እሱም ኩባያውን እየጨለጠ፣ ኮረብታው ለመድኃኒት ሥር በሚምሱ ሰዎች እንዴት እንደተራቆተ፣ ካካባቢው የቀረችውም ይህችው አንዲት አጋም እንደሆነች ስትነግረው ሲያዳምጥ ይውላል። ሱቁ ውስጥ የሰው ሰዓት ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አንድ ቀን አባትየው ዶማ ይዘው ብቅ አሉ። እንዲህ ያለ ግትር ሳል አይተው አያውቁም፤ ቅጠል ካልበገረው ሥሯ ይማስለት አሉ። ልጅቱ፣ ከተማሰች ትደርቃለች ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ከቁጥቋጦ የሰው ነፍስ ይበልጣል ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዶማው ከፍ ሲል ሰዓት ሠሪው ዘሎ ከአጋሟ ፊት ቆመ። እሾሁ ሱሪውን ከኋላ ጨምድዶ ያዘው።

«ጋሼ፣ አይማሱ። እኔ... አያስለኝም። አስሎኝም አያውቅ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሆነህ ነው?»

አንገቱን ደፍቶ በዓይኑ ልጅቱን ሰረቅ አደረጋት። አባትየው ዶማቸውን ተደግፈው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«ነይ» አሏት በመጨረሻ፣ «ይህን ጉደኛ ከእሾሁ አላቅቂው።» ወደ ቤት ሲገቡ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄብሃለሁ» አለችው ሱሪውን እያላቀቀች። «የምር የሚያስለው ሰው ከበር ከወጣም በኋላ ይስላል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሬት ለምን አጠጣሽኝ?»

«ድነሃል ብልህማ ትቀርብኛለህ...»

ተጋቡ። ከአጋሟ ዘር ያፈሏቸው ችግኞች ዛሬ ግቢውን ዙሪያውን አጥረውታል፤ አባትየውም ቅጠል ይቀጥፋሉ እንጂ ዶማ አያነሱም። ሰዓት ሠሪው ግን ባለፈው ክረምት የእውነት ጉንፋን ይዞት ቀኑን ሙሉ ሲስል ዋለ። ሚስቱ እየሳቀች ቅጠል ልትቀጥፍ ወጣች። አማቱ ከጋዜጣቸው ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«ደግሞ አሁን ማንን አይተህ ነው?»